ወፍ አይቆጥርም

አራት ሆነን ሄድን፣ ሦስት ሆነን ተመለስን። የቀረችው እናቴ ነበረች። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው የማንንም ልብ ላለመስቀል ነው፤ ልብ ተሰቅሎ መክረም ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁና። እኔ ግን ያኔ የፊት ጥርሶቼ የወለቁ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ ስትቀር በዓይኔ በብረቱ እያየሁ አላወቅኩም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

የሄድነው የዱር እንስሳት ወደሚጠበቁበት አንድ የባሕር ጠረፍ ነው። ከተማው አልቆ፣ አስፋልቱ አልቆ፣ የስልክ እንጨቶቹ ራሳቸው ደክሟቸው ከቆሙበት አልፎ ያለ ቦታ። የእናቴ ታላቅ ወንድም እዚያ ጠባቂ ነበር። ጠባቂ ሲሉኝ የባንክ በር ላይ እንደሚቆመው ዓይነት መስሎኝ «ባሕሩን ማን ይሰርቀዋል?» ብዬ ጠየቅኩ። አባቴ ሳቀ። በዚያ ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ስለነበር አልረሳውም።

በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ያልደከመው ሰው አልነበረም። አባቴ ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍና ሲነፋ ይውልና ማታ መጥቶ ደግሞ ድስት ይጥዳል፣ የእኔን ዩኒፎርም ያጥባል። የጎማ ጥቁረት ከእጁ ስለማይለቅ ነጭ ሸሚዜ ታጥቦ ሲደርቅ ሳይታጠብ ከነበረው ይብስ ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚንጫጫ እኛ ቤት ሰው ሁሉ የሚያወራው በጩኸት ነበር፤ ጨው አቀብሉኝ ስንባባል እንኳ የተጣላን እንመስላለን። አንድ ቀን እናቴ መኪናውን በአንሶላ ሸፈነችውና እዚያው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በመስኮት ማየት ጀመረች። በማግስቱም ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ጮክ ብለን ስናወራ የገዛ ድምፃችን ያስደነግጠን ጀመር።

ምን ሆና እንደነበር ዛሬም ቁርጡን አላውቅም። የሞተባት ሰው የለም፣ የተጣላችው ሰው የለም። ሐኪም ቤት ወስደዋት ቫይታሚን ተሰጥቷት ተመልሳለች። ዛሬ በሽታው ስም አለው፣ ሐኪምም አለው። ያኔ ግን የሚባለው «ደክሟታል» ነበር፤ ድካም ደግሞ እኔም አውቀዋለሁ፣ ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ነገር ነው። እሷ ግን ተኝታ ስትነሳ ይብስባት ነበር።

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። የእኔ ጥሬው ይህ ነው፤ የእናቴን ዝም ብሎ መቀመጥ እንደ ትልቅ ችሎታ አየው ነበር። ትምህርት ቤት «እጅ ወደ ኋላ፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» ስንባል አንዳችንም አንችልም። እናቴ ግን ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ቢያርፍ እንኳ አትነቃነቅም። ለጓደኞቼ ጉራዬን ነዛሁ። «የኔ እናት ከጠዋት እስከ ማታ ሳትንቀሳቀስ መቀመጥ ትችላለች» አልኳቸው። አንዷ «ውሸታም» አለችኝና ተደባደብን።

ጉዞውን ያመጣችው የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አክስቴ በአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነበረች፤ በዚያች በትንሿ የመስታወት ቀዳዳ ዕድሜ ልኳን ስትጮህ ከመኖሯ የተነሳ በጆሮ ምስጢር ስትነግር እንኳ ሰፈሩ ይሰማል። «ወንድሟ ጋ እንውሰዳት፣ አየር ትቀይር» አለች። እሷም አብራን እንደምትሄድ ስሰማ ገረመኝ።

«አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው?» አልኳት።

«እኔን ባሕር አያምረኝም? ሰው አይደለሁም?»

ከመሄዳችን በፊት ፍራሿን ጠቅልላ አምጥታ እኛ ቤት አስቀምጣ ነበር። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አውቶቡሱ ውስጥ እናቴ መስኮቱን ተደግፋ ተቀመጠች፣ እኔ አጠገቧ። አባቴና አክስቴ ከኋላችን ነበሩ። የተኛሁ መስሏቸዋል። አክስቴ በእሷ ቤት ድምፅዋን ቀንሳለች።

«ልጅቷስ?» አለ አባቴ።

«ልጅቷን ለእኔ ተዋት።»

«ካለቀሰች እኮ ነገሩ አለቀ።»

«አታለቅስም አልኩህ። ሳታየው ነው የሚያልፈው።»

እኔ የማውቀው፣ ሳያዩት የሚያልፍና የሚያስለቅስ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መርፌ። ሊያስወጉኝ ነው ብዬ ቁርጤን አወቅኩ። የቀረውን መንገድ ሁሉ መቀመጫዬን ከወንበሩ ጋር አጣብቄ ሄድኩ።

አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ አጎቴ አሮጌ ፒካፕ ይዞ ጠበቀን። ረጅም፣ ፊቱ ከፀሐይ ብዛት እንደ ጫማ ቆዳ የጠነከረ ሰው ነው። ዕድሜውን ከወፍ ጋር ስለኖረ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራት ረስቷል፤ አብረውት የሚሠሩት «ሹክሹክታ» ነው የሚሉት። እናቴን አቅፎ «እህት ዓለም» አላት። ሌላ ምንም አላላትም። ምን ሆንሽ፣ ለምን ከሳሽ፣ ምን ነካሽ፣ አንዱንም አላለም። እኛ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ ነበር የሚጀምረው። ባለጌ ነው ብዬ ታዘብኩት።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ አሸዋ ነው። ሸርጣኖች ጎማው ሊደርስባቸው ሲል ሽው እያሉ ቀዳዳቸው ውስጥ ይገባሉ። ጨው ውሃ ውስጥ የበቀሉ ዛፎች ሥራቸውን አውጥተው በጣታቸው ቆመዋል። ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ደግሞ ማለቂያ የሌለው ሮዝ ልብስ ተሰጥቶ አየሁና «ማን ነው ይህን ሁሉ ያጠበው?» አልኩ። አባቴን አስቤ አዝኜ ነበር። ጠጋ ስንል ልብሱ አንድ እግሩን አጥፎ የቆመ ወፍ ሆነ፤ ፍላሚንጎ ነው አለኝ አጎቴ። ተነሱና ሰማዩን ሞሉት። እኔና አክስቴ ጮህን። እናቴ አየቻቸው፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

የአጎቴ ቤት ከብሎኬት የተሠራ አንድ ክፍልና ቆርቆሮ የለበሰ በረንዳ ነው። በረንዳው ላይ የውሃ በርሜል፣ ባዶ የኤሊ ቅርፊት፣ በበርጩማ ፈንታ ደግሞ የዓሣ ነባሪ የጀርባ አጥንት ነበር። እናቴ ሄዳ አጥንቱ ላይ ተቀመጠች። «ተመቸሽ?» አላት አጎቴ። «ይመቻል» አለች። ያን ቀን ከዚህ ሌላ አልተናገረችም።

በማግስቱ ጠዋት በባሕሩ ዳር ስንሄድ አባቴ ድንገት ቆመና ቁጢጥ አለ። አሸዋው ላይ ከውሃው ተነስቶ ወደ ደረቁ የሚወጣ ሰፊ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ዱካ ነበር። በስንዝር ለካው።

«የትራክተር ጎማ ነው» አለ። «ጥርሱ ገና አልተበላም። ነጂው ግን ሰክሯል።»

አጎቴ አፉን በእጁ ይዞ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ የሌለው ሳቅ አይቼ አላውቅም። «ኤሊ ናት» አለ ሲበቃው። «እንቁላሏን ልትቀብር ወጥታ ነው። ቀብራ ተመለሰች።»

«እንቁላሎቹን ማን ይጠብቃቸዋል?» አልኩ።

«አሸዋው። ኤሊ እንደዚያ ናት። ወፍ ብትሆን ግን እላዩ ላይ መቀመጥ ነበረባት።»

እናቴ ዱካውን እስከ ውሃው ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። አክስቴ አባቴን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ይህን አየሁ። መርፌው ተቃርቧል ማለት ነው ብዬ ከዚያ በኋላ የአጎቴን ቦርሳ ከዓይኔ አልለየሁትም።

አጎቴ በዚያ ወቅት የሚጠብቃቸው ወፎች በባሕሩና በረግረጉ መካከል ባለ ጠባብ አሸዋ ላይ ነበር የሚፈለፍሉት። ነጭ ናቸው፣ ጥቁር ቆብ የደፉ ይመስላሉ። ጎጆ የሚባል ነገር አይሠሩም። አሸዋውን በደረታቸው ጎድጎድ ያደርጉና እንቁላላቸውን ሜዳ ላይ ያስቀምጡታል፤ ከጠጠር አይለይም። እዚያ መሐል አጎቴ «ሳጥን» የሚላት የሳንቃ ክፍል አለች። ውስጧ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት ለፊት በዓይን ልክ የተሰነጠቀ ቀጭን መስኮት። እዚያ ተቀምጦ ነው የትኛዋ እንደፈለፈለች፣ የትኛዋ እንደታመመች፣ ቀበሮ መጥቶ እንደሆነ የሚያየው።

ስንጠጋ ወፎቹ ባንዴ ተነስተው በላያችን ጮኹ። ጩኸታቸው የአክስቴን ድምፅ ዋጠው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«አሁን አስተውዪ» አለኝ አጎቴ። «እዚህ ገብተን በሩን ብንዘጋው አይወርዱም፣ ሰው እንዳለ ያውቃሉ። ካልወረዱ ደግሞ እንቁላሉ በፀሐይ ይበስላል።»

«እንደ ቅቅል?»

«እንደ ቅቅል። ስለዚህ ብዙ ሆነን እንገባለን። ከዚያ ግማሻችን እየጮኽን እንወጣለን። ሁሉም ሄደ ብለው ይወርዳሉ።»

«የቀሩትስ?»

«ወፍ ሰው ሲገባ ያያል፣ ሰው ሲወጣ ያያል። መቁጠር ግን አይችልም።»

እኔ እስከ መቶ እቆጥር ስለነበር ወፎቹን ናቅኳቸው።

አጎቴ፣ አክስቴ፣ እናቴና እኔ ገባን። አባቴ ወደ በረንዳው ተመልሶ የፒካፑን ጎማ ይፈታ ነበር፤ ባሕር ድረስ መጥቶም ጎማ። አጎቴ አክስቴን «በይ እንግዲህ፣ እንዲሰሙሽ ጩኺ» አላት። በሕይወቷ ጩኺ ተብላ የተለመነችው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ሻርፗን እያውለበለበች፣ መናኸሪያ ውስጥ ሾፌሮቹን እንደምትሸኘው «ሞልቷል! ሞልቷል! ሳበው!» እያለች ወጣች። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ተከተላት። ድምፅዋ እየራቀ ሄደ።

እናቴና እኔ ቀረን። ሳጥኑ የጋለ እንጨትና የጨው ሽታ ነበረው። ወፎቹ ጥቂት ዞሩ። መጀመሪያ አንዷ ወረደች፤ ግን ቀጥ ብላ እንቁላሏ ላይ አላረፈችም። ራቅ ብላ አረፈች፣ ቆመች፣ ሌላ ጉዳይ ያላት መሰለች፣ ትንሽ ተራመደች፣ ወደ እኛ አየች። ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ተጠጋችና ደረቷን ነቅነቅ አድርጋ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተከትለዋት ወረዱ፣ ጩኸቱም ቆመ።

እናቴ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። «እዚህ እኮ ማንም ምን ሆንሽ አይለኝም» አለች፣ ከአጎቴም ባነሰ ድምፅ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ለእኔ ብላ የተናገረችው ነገር ነበር። ሰው ስላልጠየቃት የከፋት መሰለኝ። ስለዚህ ወደ ጆሮዋ ተንጠራርቼ «ምን ሆንሽ እማዬ?» አልኳት።

በአፍንጫዋ ሳቀች። ቅርብ ያሉት ወፎች አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ሲረጋጉ «ምንም አልሆንኩም። ደከመኝ» አለችኝና ጭንቅላቴን ወደ ጎኗ ሳበችው። ጎኗ ይሞቃል። እግሬ ደንዝዟል፣ ሽንቴ መጥቷል፣ ግን ምንም አላልኩም። በዚያ ዓመት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ትልልቆቹ ሻይ ሲጠጡ እኔ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ አንድ ሸርጣን በኤሊው ቅርፊት ከድኜ እጠብቅ ነበር።

«ጀርባዬ እምቢ ብሎኛል» ይላታል አጎቴ። «ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጥልኝ ሰው አጥቻለሁ። እዚሁ ብትቆዪልኝስ? እስኪሻልሽ።»

«እሷስ?» አለች እናቴ።

«አባት አላት። አክስት አላት።»

እናቴ የሻዩን ብርጭቆ በእጇ አዞረችው። ከዚያ «ካለቀሰችብኝ አልችልም፣ ጋሼ» አለች።

ሁለት ነገር ተረዳሁ። አንደኛ፣ የእናቴ ችሎታ በመጨረሻ ታውቆላት ሥራ አግኝታለች። ሁለተኛ፣ ስለ መርፌው እሷም ታውቃለች፣ ደግሞም ፈርታልኛለች። አሳዘነችኝ። ተነስቼ ፊቷ ቆምኩና «አላለቅስም» አልኳት። «እውነቴን ነው እማዬ። ቶሎ ካለቀ አላለቅስም።»

አባቴ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። አክስቴ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። እናቴ አየችኝ፣ አየችኝና ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ሸርጣኑ በዚያ መሐል አምልጦኛል።

የምንመለስበት ጠዋት አክስቴ «ኑ፣ ወፎቹን ተሰናብተን እንሂድ» አለች። አምስታችንም ሄድን፣ አባቴም ጭምር። ወፎቹ ተነስተው ጮኹ። ሳጥኑ ለአምስት ሰው አይበቃም፤ የአባቴ ሆድ ፊቴ ላይ ነበር፣ የጎማ ማጣበቂያ ይሸታል። እናቴ አግዳሚው ጥግ ላይ ተቀመጠች። አንገትጌዬን አስተካከለችልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የጫማዬን ክር አሰረችው፤ ያሰረችውን ፈታ እንደገና አሰረችው።

«ጠበቀኝ» አልኳት። አላላላችልኝም።

«በይ» አለች አክስቴ፣ «ዛሬ ጯሂዋ አንቺ ነሽ። እጄን ይዘሽ እየጮኽሽ ትወጫለሽ። ደሞ ወደ ኋላ እንዳታዪ፣ ወፎቹ ይነቁብናል።»

ወደ ኋላ አትዪ የሚል ሕግ አጎቴ ነግሮኝ አያውቅም። ግን አላጠራጠረኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄው ነው።

«ሞልቷል! ሞልቷል! ሳበው!» እያልኩ ወጣሁ። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። አባቴ ከፊታችን ቸኩሎ ይሄዳል፤ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። «አሸዋ ገባብህ?» አልኩት። «አዎ» አለኝ ሳይዞር። አክስቴም አብራኝ ትጮህ ነበር፣ ግን መሐል ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀና ቀረ። የእሷም ድምፅ ይደክማል ለካ ብዬ ለሁለታችንም ጮህኩ። ወደ ኋላ አላየሁም። ከኋላችን የወፎቹ ጩኸት እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና ጸጥ አለ። ወርደዋል ማለት ነው። «ተሳካ!» አልኩ።

አጎቴ ሞተሩን ያስነሳው ፒካፕ ላይ ስወጣ «እማዬስ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ሥራ ላይ ናት» አለች አክስቴ። «ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ትቆያለች።»

አመንኳት። መርፌውም ቀረ፤ ለሁለት ነገር ደስ እያለኝ ተመለስኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ አክስቴ እውነቱን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ የተኛሁ ጊዜ ነው። እናቴ «እያለቀሰች ካየኋት ተከትያችሁ እመጣለሁ፤ ከመጣሁ ደግሞ ከዚያ ወንበር አልነሳም» ብላቸው ነበር። አባቴ «ለልጄ እኔው ራሴ እነግራታለሁ» ብሎ ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ አልቻለም። የወፉን ዘዴ ያሰበችው አክስቴ ናት። ይህን ስትነግረኝ ልጄን ታቅፋ ነበር፤ አልተቀየምኳትም። እናቴ ግን በዚያች የሳንቃ ክፍል ውስጥ ሆና የሰማችው፣ ደስ ብሏት እየጮኸች የምትርቅ ልጇን ነው።

ቤት ከደረስን በኋላ አንድ ነገር አሰብኩ። ወፎቹ የወረዱት ሁሉም ሄደ ብለው ነው። እኛ እንዳለን ከሰሙ ይነሳሉ። ከተነሱ እንቁላሉ ይበስላል፣ ጫጩት የለም፤ ጫጩት ከሌለ እናቴ አትመጣም። መንገዱ ስንት እንደሚርቅ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግን ማን ዋስ ይሆነኛል? እናም ዝም አልኩ።

በር በሁለት እጄ እዘጋለሁ። በጣቶቼ እራመዳለሁ። ትምህርት ቤት ስጠራ እጄን አነሳለሁ እንጂ «አቤት» አልልም። አክስቴ ፍራሿን ዘርግታ እኛ ጋ ቀርታ ነበርና ስትጮህ «እሽሽ» እላታለሁ፤ እሷም ዝም ትላለች፣ ዝም ማለቷ ራሱ ያስፈራ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ድስቱን እያማሰለ አክስቴን «የእናቷ ነገር ተጋባባት» ሲላት ሰማሁ። ምን እንደተጋባብኝ አልገባኝም፣ እናቴን መምሰሌ ግን አኮራኝ።

በማግስቱ ወደ ሥራው ቦታ ወሰደኝ። መዶሻ አስያዘኝና የዛገ የመኪና ቸርኬ ፊቴ አንከባለለልኝ። «በይ ደብድቢልኝ። ባለ በሌለ ኃይልሽ። ጩኺም ከፈለግሽ።» እኔ የታመመ ሰው በር እንደሚያንኳኳ ሰው ቀስ ብዬ ነካ ነካ አደረግኩት። አባቴ ጎማ ላይ ቁጭ አለና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ደክሞት መሰለኝ። ደክሞትም ነበር፤ ግን ሁለተኛዋንም ላጣ ነው ብሎ መፍራቱን ያወቅኩት እኔ የዚያን ጊዜ ዕድሜውን ካለፍኩ በኋላ ነው።

ክረምት ገብቶ ወጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዬን ስሠራ በሩ ተከፈተ። እናቴ ናት። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፣ አንድ ቦርሳ ይዛለች፣ አጎቴ ከኋላዋ ቆሟል። ደፉ ላይ ቆመች።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። እርሳሴን አየር ላይ እንደያዝኩ ደረቅኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ዓይኔን እንኳ ላለማርገብገብ ታገልኩ። እናቴ አንድ እርምጃ ገባች። ቆመች። የተሸፈነውን የስፌት መኪና አየች፣ እኔን አየች። ትንሽ ተራመደች።

«ኧረ አንቺ ልጅ!» ብላ ጮኸች አክስቴ ከጓዳ ወጥታ። «እናትሽ እኮ ናት! ተነሽ ሳሚያት እንጂ!»

በአክስቴ አንጀቴ አረረ። አሁን ታስበረግጋታለች!

«ይተዉአት፣ እትዬ» አለች እናቴ። «ይተዉአት።» ከዚያ ወንበሯን ከመስኮቱ ሥር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት። ብዙም አልቆየችም፣ ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። መንገዱ አድክሟታል ብዬ ተደሰትኩ፤ የመንገድ ድካም ይለቃል።

መኪናው እንደገና መንጫጫት የጀመረው ወዲያው አልነበረም። ጀምሮም ዝም ያለባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ያኔ እናቴ ቦርሳዋን ይዛ ወንድሟ ጋ ትሄድና ትመለሳለች፣ እኔም በሩ ድረስ እሸኛታለሁ። እኔ አስተማሪ ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ «ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» ስል ውዬ ድምፄ ተዘግቶ ነው ቤቴ የምገባው። አባቴም አክስቴም አርፈዋል። እናቴ ከእኔ ጋ ነው የምትኖረው። ባለፈው ወር ደግሞ የአጎቴ ተራ ሆነ። መርዶውን በሰማን ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የልጄን ሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ሳለ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ያን ጊዜ በጣም ጠልተሽኝ ነበር?»

«መቼ?»

«ጋሼ ያመጣኝ ቀን። ስቀር ደስ ብሎሽ እየጮኽሽ ነው ትተሽኝ የሄድሽው፤ ስመለስ ደግሞ እንደ ባዳ ዝም ብለሽ አየሽኝ። ፈርዳብኛለች አልኩ። ቢፈረድብኝም ይገባኛል አልኩ።» ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው። «ገብቼ አለቀስኩ። አልሰማሽም።»

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክማው ኖራለች። እኔ ደግሞ ያን ቀን በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ሥራ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

«እማዬ፣ እንዳትበሪ ብዬ እኮ ነው።»

«ምን?»

ነገርኳት። ወፏ ስትወርድ መጀመሪያ ራቅ ብላ እንደምታርፍ፣ እስክትቀመጥ ድረስ መነቃነቅ እንደማይገባ፣ በሩን በሁለት እጄ እንደዘጋሁ፣ ቸርኬውን እንደነካካሁ፣ አክስቴን እሽሽ እንዳልኩ። ሳትነቃነቅ ሰማችኝ። ችሎታዋ ዛሬም አብሯት አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች በመጨረሻ።

«ሳጥን ውስጥ አይወራማ።»

በአፍንጫዋ ሳቀች። ከዚያ ሸሚዙን ፊቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ምን ሆንሽ አላልኳትም። ሸሚዙን ስታወርደው ዓይኗ ቀልቷል። እጥፋቱን በመዳፏ አስተካከለችው።

«እና ተቀመጥኩ አይደል?» አለችኝ።

«ተቀመጥሽ» አልኳት።